የትንሽ ጉልበት ምድብ

ሽቦ የሚበየድበት ስታኞ ሲቀልጥ የሚያወጣው ጭስ የራሱ ሽታ አለው። ሙጫ ሙጫ ይላል፣ ትንሽ የተቃጠለ ላስቲክም አለበት፤ ገብቶ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ሰሞኑን ስልኬ አመል አውጥቶ፣ እኔ ሰውን እየሰማሁ ሰው እኔን አልሰማኝ ቢል፣ እዚሁ አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያው ጥግ ካሉት ስልክ ጠጋኞች ወደ አንዱ ይዤው ሄድኩ። ጠጋኙ ክዳኑን ፈልቅቆ የጋለውን ብረት ስታኞው ላይ ሲያሳርፈው ያ ጭስ መጥቶ ፊቴ ላይ ዞረ። የድሮ ሽታ ለሰው ደስታ ያመጣለታል ይላሉ። ለእኔ ያመጣልኝ ፍርሃት ነው። እጄን አላበኝ፣ ዓይኔ ሳላዘው መሬት መሬቱን ፈለገ፤ ከእግሬ አጠገብ የተጠቀለለ ጥቁር ነገር አየሁና ብድግ አልኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የተባለው ለእኔ ነው። ጠጋኙ "እማማ፣ ቻርጀር እኮ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። በወጣትነቴም ፈሪ ነበርኩ፣ አሁንም ፈሪ ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ አመል አልለውጥም።

አግዳሚው ላይ ከጎኔ አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሞ ጭኑ ላይ ያለውን ፌስታል ሲፈታው የሬዲዮ የጆሮ ማዳመጫ ወጣ፤ ያ ትልቁ፣ ጆሮን እንደ ጎድጓዳ ሳህን የሚከድነው የድሮ ዓይነት። ያኔ ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ጋሽ ሰይፉ ነው፣ ጥጥ ነጋዴው፣ የሟች ባሌ የኢሳያስ የዘመኑ ተፎካካሪ። ዓይኑ ደህና ነው፤ ጆሮው ግን ደክሟል። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ እሱ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ እኔ እጮሃለሁ፣ ገበያተኛው ሁሉ ይሰማናል። ልጆቼን ጠየቀኝ፣ ኢሳያስን ነፍስ ይማር አለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ይህን አለኝ፦

"አስቴር፣ እኔም ለመሄድ ተቃርቤያለሁ፤ አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ ብሞት ይቆጨኛል። ያን ጊዜ በአንድ የሬዲዮ መሣሪያ ስንወዳደር፣ ኢሳያስ አውቆ አሳለፈልኝ? ወይስ የእውነት ነው ያሸነፍኩት?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ከኢሳያስ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱ ደግሞ ከአፈር በታች ነው። ግን መልሱን ለመናገር መጮህ ነበረብኝ፤ ገበያ መሃል፣ ስለ ሟች ባሌ። ነገ ቤትህ መጥቼ እነግርሃለሁ አልኩትና ስልኬን ተቀብዬ፣ መሠራቱን እንኳ ሳልሞክር ሸሸሁ።

ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ወደዚያ ዘመን ተመለስኩ። ሲቀላ ያኔ እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ በሕልማችንም አልመጣም፤ ከሲቀላ እስከ ሸቻ ያለውን ዳገት በእግራችን እየወጣን፣ መሃል ላይ ቆመን ሁለቱን ሐይቆች እያየን ትንፋሻችንን እንሰበስብ ነበር። ሙዝ በዘለላ እንጂ በፍሬ የሚገዛ ሰው ይሳቅበታል። ቆሮሶውን ዓሣ ለአንድ ብር ያህል በገመድ ሰክተው ደጃፋችን ድረስ ያመጡልናል፣ እኛ ደግሞ ትናንት ዓሣ በላን ብለን እንጠየፋለን። የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ዋሸች ይሉኛል። ወንዶቹ ከታች የሰፋ ቴትሮን ሱሪ ለብሰው መንገዱን ይጠርጋሉ። እኔ ለሠርጌ የተገዛልኝ፣ የዶርዜ ሸማኔ የሠራው ጥለቱ ሰፊ ነጠላ ነበረኝ፤ እሁድ እሁድ እሱን አጣፍቼ መዘምራኑ መካከል እቆማለሁ። አንዲት አኮርዲዮን ነበረችን፣ አንደኛው ቁልፏ ተሰብሮ አንድ ድምፅ ሁልጊዜ ይጎድላታል፤ እኛም ያንን ድምፅ መዝለል ለምደን፣ ደህናዋ አኮርዲዮን ስትመጣ መዝሙሩ ሁሉ ጠፋን። የመንግሥቱን ነገር አታንሱብኝ። እንደ ደመና ከላይ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እኛ የምንጠብቀው ከባድ ዝናብ እንዳይሆን ብቻ ነበር።

ኢሳያስ ፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ቤታችን የሬዲዮ መቃብር ነው ማለት ይቻላል፤ በከተማው የሞተ ሬዲዮ ሁሉ ሬሳው ወደ እኛ ይመጣል። እሱ አንጀታቸውን እያወጣ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ስታኞ እያቀለጠ፣ የሚያናግር ሬዲዮ ሠራ። መዝናኛው ነው፤ ደመወዝ የለውም። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ለፍቅሩ ብቻ በሬዲዮ የሚነጋገሩ ሰዎች አሉ፤ አማተር ይባላሉ፣ እያንዳንዱ የራሱ መለያ አለው። በእኛ ከተማም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማኅበር ነበራቸው። ፈቃድ አላቸው፣ ማኅተም ያረፈበት። ፈቃድ ይኑራቸው እንጂ እኔ ጣሪያችን ላይ ያለውን ሽቦ ባየሁ ቁጥር አንድ ሰው መጥቶ በሩን የሚመታ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ መጥተውም ነበር። ሽቦው ምን እንደሆነ ጠየቁ፣ ኢሳያስ ፈቃዱን አሳየ፣ አንብበው ሄዱ። እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ ልብስ የማሰጣው ሽቦውን በሚሸፍን ቦታ ነበር።

በዓመት አንድ ጊዜ ቅዳሜ ቀን ውድድር ያደርጋሉ። ከጠዋት እስከ ማታ እየተጣራህ ብዙ ሰው፣ ሩቅ ሰው ያናገረ ያሸንፋል። ማናገር ማለት ደግሞ ወሬ አይደለም። የዚያኛውን መለያና የሰጠህን ቁጥር ሳትሳሳት መስማት ነው። ድምፁ ከጩኸትና ከፉጨት ውስጥ እንደ ትንኝ ነው የሚመጣው፤ ችሎታው ጆሮ ላይ ነው። ያ ግን አንተ የምትሰማውን በተመለከተ ነው። ሌላው አንተን እንዲሰማህ ደግሞ የኤሌክትሪክ ጉልበት ያስፈልጋል፣ ጉልበት በገንዘብ ይመጣል። ጋሽ ሰይፉ በመርከብ የመጣ መሣሪያ ነበረው፣ ድምፁን የሚያጎላ ሌላ ሣጥን ነበረው፣ ሸቻ አፋፉ ላይ ሁለቱንም ሐይቅ የሚያይ የብረት ማማ አቁሟል፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ይነሳል። ባሌ የወተት ጣሳና የመኪና ባትሪ አለው። በየዓመቱ ጋሽ ሰይፉ ያሸንፋል፣ በየዓመቱ ከተማው "መሣሪያው ነው እንጂ ኢሳያስን የሚያህል ጆሮ የት ይገኛል" ይላል። እኔም እላለሁ። ከሁሉም አስበልጬ የምለው እኔ ነበርኩ። ጋሽ ሰይፉ ይህ ወሬ እንደሚደርሰው እናውቃለን፤ ይደርሰውም ነበር።

ነገሩ ሲከር ማኅበርተኞቹ እንደ አገሩ ልማድ ዱቡሻ እንቀመጥ አሉ። ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌ ነገር የሚፈታበት አደባባይ ነው፤ ምርቃት ይቀድማል፣ ሰው በተራ ይናገራል፣ የሌላውን ቃል ማንም አያቋርጥም፣ የመጨረሻው ሰው ተናግሮ ሳይጠግብ ማንም አይነሣም። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጋሽ ማልዶ ነበሩ፣ ከስልክ ቤት ጡረታ የወጡ የዶርዜ ሰው። እኔና ሌሎች ሚስቶች ራቅ ብለን አዳመጥን። አንዱ በጉልበት እንከፈል አለ፤ ትልቅ ጉልበት ለብቻ፣ ትንሽ ጉልበት ለብቻ። ሌላው፣ ገንዘብ ያለው ሰው ትንሽ ግን ውድ ዕቃ ገዝቶ ቢገባብንስ አለ። እንግዲያው በትንሹ ምድብ በገዛ እጁ የሠራ ብቻ ይግባ ተባለ። አንቴናውስ? እሱም በእጅ የተሠራ ይሁን። በመጨረሻ የቦታ ነገር ተነሣ፣ ሸቻ ላይ ያለው ከሲቀላው ይሻላል ተባለ። ጋሽ ማልዶ ሳቅ ብለው፣ "ቦታ የእግዜር ነው፣ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም የወደደው ላይ ይቀመጥ" አሉ። ሁሉም ደስ አለው። እኔም ደስ ብሎኝ ገብቼ ራት ሠራሁ። ድሃው የጎደለውን በምን ሊሞላው ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ኢሳያስ የትንሹን ምድብ ያለ ችግር አሸነፈ። ግን አልበቃውም። በትንሽ ጉልበት ሆኖ የጋሽ ሰይፉን ቁጥር መብለጥ ነው የፈለገው። ከዚያ፣ ሬዲዮ ውሃ አጠገብ ሲሆን ድምፁ ሜዳ ላይ እንደሚጋልብ ፈረስ ርቆ ይሄዳል ብሎ አስረዳኝ፤ የአንቴናው ሽቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ የበለጠ። ዋጋ የሌለው ቦታ ተብሏል። እሱ የመረጠው በጫኖ በኩል ያለውን የዓባያ ዳርቻ ነው።

የእኛን ሐይቅ የማያውቅ ሰው ዳርቻ ሲባል መዝናኛ ይመስለዋል። ዓባያ ውሃው ቀይ ነው፣ አንድ ስንዝር ወደ ታች አያሳይም። ግንድ ይመስልሃል፣ ግንዱ ዓይን አለው። በየዓመቱ ወይ ጥጃ፣ ወይ ልብስ አጣቢ፣ ወይ ዓሣ አስጋሪ እንደወጣ ይቀራል። እኔ ምዕራብ ዓባያ ነው የተወለድኩት፤ ውሃ ስትቀዳ አዞ ከወሰደቻት ከአንዲት ጎረቤታችን ጋር አብሬ አድጌያለሁ። ስለዚህ ኢሳያስ ጠረጴዛውን በጋማ ከብት አስጭኖ ዳርቻው ላይ ሲያስቀምጥ፣ እኔ አዞ በድምፅ ለማባረር ቆርቆሮ መምቻ እንጨት በአንድ እጄ፣ የሙዝ መቁረጫውን ገጀራ በሌላው ይዤ ውሃውን ስጠብቅ ዋልኩ። ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስትፈላ የማየው ሁሉ ግንድ፣ ግንዱ ሁሉ አዞ ይሆንብኛል። ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል፤ እኔ ውጭ ቆሜም አላበኝ። በዚያ ዓመት ኢሳያስ በጥቂት ተበለጠ። በጥቂት ብቻ! ከተማው አበደ። እኔ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይቀርልኝ ያን ቀን አወቅሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ያው ቦታ ሄድን። በማለዳ አንድ ዓሣ አስጋሪ ታንኳውን እየጎተተ አለፈና ቆሞ አየን። "መምህር፣ ሽቦ ውሃ ውስጥ ምን ትሠራለች?" አለ። ኢሳያስ አስረዳው። ሰውዬው አዳምጦ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አዞ ቶሎ አትመጣም፤ ተቀምጣ ታያለች። ሰው አንድ ቦታ አይውልም" አለኝና ሄደ። እኛ ግን አንድ ቦታ ልንውል ነበር የመጣነው። ለኢሳያስ ነገርኩት። እንደ ጋሽ ሰይፉ ማማ የለኝም፣ ያለኝ ይህ ነው አለኝ። ኮስተር ብሎ ነው ያለው፤ ክርክር አልነበረውም።

ረፋዱ ላይ ሽቦውን የያዘው እንጨት ውሃው ውስጥ ዘመመ። ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባና አቀናው። እኔ ቆርቆሮውን እየመታሁ ሁሉንም መዝሙር በአንድ ጊዜ እጸልያለሁ። ወጣ፣ ተቀመጠ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ፣ መጣራት ጀመረ። ከዚያ ሽቦው ተወጠረ። ነፋስ አልነበረም። ጠረጴዛው አሸዋው ላይ አንድ ክንድ ተንሸራተተና ተገለበጠ፣ ባትሪው ወደቀ፣ ኢሳያስ የወተት ጣሳውን ሬዲዮ በሁለት እጁ አቅፎ ተደፋ። ሽቦው ላይ የተጠላለፈው ነገር ውሃው ውስጥ አንድ ጊዜ ተገላበጠ፣ ነጭ ሆዱን አየሁት፤ ባሌም በሆዱ እንደተኛ ወደ ውሃው ተጎተተ። ሽቦው ከሬዲዮው ጋር ተበይዷል፣ እሱ ደግሞ ሬዲዮውን አይለቅም። መጮህ ነበረብኝ። ድምፄ አልወጣም። እግሬ ግን፣ ለመሸሽ የተፈጠረው ይህ እግሬ፣ ወደ ሽቦው ሮጠ፤ በገጀራው አንዴ ሳትኩት፣ ሁለተኛ ስመታው ተበጠሰና ክንዴን ገረፈኝ። ውሃው ተዘጋ። ኢሳያስ ቀና ብሎ፣ አፉ በአሸዋ ተሞልቶ፣ "ለምን ቆረጥሽው? አንድ ሰው መለያውን እየሰጠኝ ነበር እኮ" አለኝ። በትዳራችን ዘመን ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ በጥፊ መታሁት።

እዚያው ተቀምጠን ሳለን የጋሽ ሰይፉ ላንድሮቨር አሸዋውን እየቀደደ መጣ። በኋላ እንደተነገረኝ እሱ በመሃሉ የኢሳያስን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። ድምፁ ቃል መሃል ላይ ተቆረጠ። ዳርቻውን ያውቃል፤ በዚያ ዓመት ሰው በላይ በላዩ እየጠራው ያለበት ሰዓት ነበር፣ ሁሉንም ትቶ ተነሣ። ሲደርስ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነው፣ ገመዱ ከኋላው ይጎተታል። ባሌ በሆዱ የተጎተተበትን መስመር አሸዋው ላይ አየና ቆሞ ቀረ። ኮቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ውድድሩን ያን ዓመት ማንም አላሸነፈም።

ሁለተኛው ዱቡሻ የተጠራው ስለዚህ ነው። አንዱ ዳርቻው ይከልከል አለ። ሌላው፣ ዳርቻው ከተከለከለ ድሃው ምን ቀረው አለ፣ እውነቱን ነው። ኢሳያስ ራሱ ተነሥቶ ማንም አይዘንልኝ፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ጥሩ እንጨት እተክላለሁ አለ። ይህን ስሰማ ጆሮዬ ጮኸ። ሴት በዚያ ቦታ ተነሥታ አትናገርም። ግን በጋሞ ምድር እርጥብ ሣር ነጭቶ በእጁ ይዞ የለመነን ሰው እምቢ የሚል የለም፤ ያን ሣር የረገጠ ጎሜ ይይዘዋል፣ ጥፋቱ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ከዋርካው ሥር ሣር ነጨሁ። መሃል ገባሁና በኢሳያስና በጋሽ ሰይፉ መካከል አስቀመጥኩት። የተናገርኩት ትንሽ ነው። "ገንዘብ የሌለው ሥጋውን እንዳይከፍል እለምናለሁ። ሁለታችሁም በአንድ ሬዲዮ፣ በአንድ ማማ ሥር ተቀመጡ፤ ከዚያ ጆሮ ይለይ" አልኩ።

ጋሽ ሰይፉ ወዲያው ተነሣ፣ መሣሪያዬ የሁላችን ነው አለ። ሳይ ግን ፊቱ አመድ መስሏል፤ ኮቱን የሰጠኝ ቀን እንኳ እንዲያ አልነበረም። ኢሳያስ ደግሞ ሣሩን ብቻ እያየ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ፤ ሰው ተራውን እየጠበቀለት ነው፣ ማንም አያቋርጥም። ለምን እንደማይደሰት አልገባኝም። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ይህ አይደለም እንዴ? በኋላ ጎንበስ ብሎ ከሣሩ አንድ ዘለላ አነሣ። ያ እሺታ ነው።

ጋሽ ማልዶ ሰማይ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም ብለው በሁለት ቅዳሜ ከፈሉት፤ በአንደኛው አንዱ ጠዋት ሌላው ከሰዓት፣ በሁለተኛው ተገላቢጦሽ። ሸቻ፣ ጋሽ ሰይፉ ቤት ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁ በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ። ያን ጊዜ ነው እኔ በገዛ ጆሮዬ የሰማሁት። ከዚያ ሁሉ ፉጨት ውስጥ ትንኟ ስትመጣ ኢሳያስ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጨፍልቆ፣ ድገምልኝ ይላል፤ ደግመውለትም ድገምልኝ ይላል፤ አንዳንዱ ሰልችቶት ይሄዳል። ላቡ ሸሚዙን ከጀርባው አጣብቆታል። ሰው አውቆ ሲሸነፍ እንዲህ አያልበውም። ጋሽ ሰይፉ ሲቀመጥ ዓይኑን ይጨፍናል። እኛ ገና ሰው መጣ ወይስ አልመጣም ስንል የእሱ እርሳስ ጽፎ ጨርሷል። በሁለተኛውም ቅዳሜ እንደዚያው ሆነ። ጋሽ ሰይፉ አሸነፈ፤ የሚያከራክር አልነበረም። እኔ ግን ሳሎኑን ዞር ዞር ብዬ ሳይ፣ ድምፁን ትቶ የኢሳያስን ፊት የሚያይ ሰው ነው የሞላው፣ ሁሉም ፈገግ ብሏል። ስንወጣ አንዷ ጎረቤቴ እጄን ጨብጣ፣ "ባልሽ ጨዋ ነው፤ ሐይቁ ዳር ስለደረሰላችሁ ውለታ ሲል አሳለፈለት አይደል?" አለችኝ። በበነጋው ከተማው ሁሉ ይህን ነበር የሚያወራው።

ዳገቱን ወረድን። ሁለቱ ሐይቆች በሚታዩበት ላይ ኢሳያስ ቆመ። የሠራሁት ነገር አስቆጥቶት እንደሆነ ልጠይቀው ፈርቼ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። እሱ ግን ሐይቁን እያየ ተናገረ።

"አዞዋ ብትወስደኝ ሰው ምን ይል ነበር? መሣሪያ አጥቶ እንጂ እሱን የሚያህል አልነበረም ይሉኝ ነበር። እኔ እዚያ ውሃ ውስጥ አንድ ቀን አልፈራሁም አስቴር። የምፈራው እንደ ዛሬ እኩል መቀመጥን ነበር።"

እጁን ያዝኩት። በከተማው አንደኛ ፈሪ እኔ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር፤ ከማን ጋር እንደምተኛ አላወቅሁም ነበር። ሰዎች ውለታ መለስክለት አይደል ሲሉት አዎም አላለም፣ አይደለምም አላለም፤ ፈገግ ይላል። ጋሽ ሰይፉ ከዚያ ወዲህ ለውድድር ማማው ሥር ተቀምጦ አያውቅም። ሀብታም ቶሎ ይሰለቸዋል አልን፣ እኔም አልኩ፣ ረሳሁት። የውለታው ወሬ በእሱም ጆሮ እንደገባና እዚያው እንደቀረ ያወቅሁት ስልክ ጠጋኙ በር ላይ ነው።

እንግዲህ በበነጋው ባጃጅ ይዤ ወደ ሸቻ ወጣሁ። ኢሳያስ ያስተማራቸው ሰዎች ዛሬ ራሳቸው አስተማሪ ናቸው፤ መምህር ኢሳያስ ባላንጣውን እንዴት እንዳከበረ ለልጅ ይተርካሉ። ልጆቼ በዚህ ይኮራሉ። አንድ ቃል ተናግሬ ይህን ሁሉ ከሟች ላይ ልገፍፍ ነው፤ ሙት ደግሞ መልስ አይሰጥም። ዝም ብልስ? በሕይወት ካለው ሰው ላይ መግፈፌ ነው። እኔ በወንጌል ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ጎሜ አልፈራም እላለሁ። ግን እውነት አውቆ የደበቀ ቤቱ አይባረክም ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ከአጥንቴ አልወጣችም። ሁለት ጊዜ ባለባጃጁን መልሰኝ ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ጋሽ ሰይፉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ግቢው ሰው አለበት፤ ምራቱ ልብስ ታሰጣለች፣ ሠራተኞች ማንጎ ይለያሉ፣ ተከራዮች በር በራቸው ላይ ናቸው። ወደ ውስጥ እንግባ አልኩት፣ አልሰማኝም። ወደ ጆሮው ጎንበስ ብዬ፣ በዝግታ፣ አላሳለፈልህም አልኩት። እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ አየኝ። ከፍ አደረግሁት። አሁንም አልሰማም። እንግዲህ ከአርባ ምንጭ ሰው ሁሉ ደብቄ የያዝኩትን ነገር ቀጥ ብዬ ቆሜ ጮህኩት።

"አላሳለፈልህም! የቻለውን ሁሉ አድርጎ ነው የተሸነፈው!"

ማንጎ የሚለዩት እጃቸውን አቆሙ። ምራቱ ዞራ አየችኝ። ኢሳያስ ይቅር ይበለኝ አልኩ በሆዴ። ጋሽ ሰይፉ ከዘራውን ያዘ፣ ለቀቀ፣ እንደገና ያዘ።

"ራሱ ያውቅ ነበር?" አለኝ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁለት።

"እኔ ደግሞ" አለ፣ "ሣሩን ያስቀመጥሽ ቀን ሞቴን ነው የፈራሁት። ያ ሣጥን ከሌለ እኔ ምንም አይደለሁም ብዬ። ከዚያ አሸነፍኩ፣ ምጽዋት ነው አሉኝ፣ አመንኳቸው። ይኸው ዕድሜዬ አለቀ፣ ሁልጊዜ ያሸነፈልኝ መሣሪያው መስሎኝ።" ፊቱን ወደ እኔ አቀናና እንደ ልጅ ጠየቀኝ፦ "እኔ ነበርኩ በይኛ?"

ድምፄን የቻልኩትን ያህል ከፍ አድርጌ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ፣ "አንተ ነበርክ" አልኩት።